«ካሳ» ተብሎ ካልተጻፈ

ጭልጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ፤ ገዳሪፍ።

እስራኤልን በበረሃ የመራ አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይምራሽ። እኛ በዚህ በኩል ደህና ነን። ፋሲካን በሰላም ውለናል፤ በጉን ለከርሞ አቆይተነዋል። እናትና አባታችሁ ካረፉ ወዲህ እህትሽ ማሬ እኔ ዘንድ እንደ ልጅ ሆና አለች። አድጋለች፤ ምላሷም አብሯት አድጓል።

የጻፍሁልሽ ስለ አንድ ነገር ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ወርዶ የነበረው ጎረቤታችን አየነው ሰሞኑን ተመለሰ። ሰንበት ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ያለምወርቅን ገዳሪፍ አየኋት፤ የመጋዘን እህል ሰርቃ ተከሳ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች» አለ። ጋረደው እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። ልጁ ማሬን ሊያገባ ቀን መቁረጣችንን ታውቂያለሽ። በማግስቱ ሽማግሌ ልኮ፣ «ሠርጉ ይቆየን፤ ዘር ሳናጣራ ቸኩለናል» አለን።

ልጄ፣ እውነት ከሆነ እውነት ነው በይኝ። ሐሰት ከሆነ ሐሰት ነው በይኝ። ከሁለቱ በቀር ሌላ አልፈልግም።

ዓይኔ ደክሟል፤ ዳዊት ስደግም ፊደሉ ይደባለቅብኛል። የንባብ መነጽር ካገኘሽ በመንገደኛ ላኪልኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ፣ «ወፍረሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ከስተሽ እንደሆነ ግን ዋሺኝ» ብላ እጅ ትነሻለች።

ያባትሽ ያጎት ልጅ፣
ገብረ ሥላሴ


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ ሥላሴ።

መስቀልዎን ከሩቅ ተሳልሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለእትዬ ደብሪቱ ወፍራለች ይበሉልኝ።

አየነው ያየው እውነት ነው፤ ያወራው ሐሰት ነው። ተከስሼአለሁ ማለት እውነት ነው፤ ሰርቄአለሁ ማለት ሐሰት ነው።

ከጎንደር እንደመጣሁ እዚህ ገዳሪፍ አቅራቢያ መፋዛ በምትባል ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ሆንሁ። አረብኛ ቶሎ ስለያዝሁ፣ እንግሊዝኛም ከትምህርት ቤት ስለነበረኝ ወደዱኝ። አንድ ቀን የገባውንና የወጣውን ዱራ ሳስተያይ (ማሽላን እዚህ ዱራ ይሉታል) ብዙ ጆንያ ጎደለ። ለኃላፊው ነገርሁት። «ጥሩ አደረግሽ» ብሎኝ ፖሊስ ጠራ። የመጣው ፖሊስ የያዘው ግን እኔን ነው። ያን ክረምት ሳልጽፍላችሁ የቀረሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ ወህኒ ቤት ነበርሁ።

ያስፈታችኝ ራዲያ የምትባል የወሎ ሴት ናት። ከሎሪ ማቆሚያው አጠገብ ፉልና ጣዕሚያ (የሽምብራ ጥብስ ነው) ትሸጣለች። እዚህ አገር ዋስን ዳሚን ይሉታል፤ ዳሚን የሆነ ሰው ከተከሳሹ ጋር በየቀጠሮው መቅረብ አለበት። ስለዚህ ፍርድ ቤት በተጠራሁ ቁጥር ራዲያ ድስቷን ከድና ትከተለኛለች። «ካንቺ ጋር የተመላለስሁትን ያህል ከባሌ ጋር ብመላለስ ድሮ ተፋተን ነበር» ትለኛለች።

ይኸው አራት ዓመት ሊሆነን ነው። አንዴ ዳኛው ተዛወረ ተባለ። አንዴ ኃላፊው ለምስክርነት ተጠርቶ እርሻ ወርዷል ተባለ። አንዴ መዝገቡ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዷል፣ ሲመለስ ትጠሪያለሽ ተባለ፤ ሲመለስ ደግሞ አዲሱ ዳኛ ገና አላነበበውም። የችሎቱ ጸሐፊ አንድ ቃል ብቻ ያውቃል። «ቡክራ» ይላል፤ ነገ ማለቱ ነው። የስደተኛ መታወቂያዬን ፍርድ ቤቱ ስለያዘው ከገዳሪፍ መውጣት አልችልም። ካርቱም ለነርስ ትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌ ነበር፤ ቦታዬን ለሌላ ሰጡት። አሁን ሰሊጥ አበጥራለሁ።

በመጋቢት እዚህ መንግሥት ሲለወጥ የተበደሉ ሰዎችን አቤቱታ የሚሰማ ጉባኤ ተቋቋመ። ኡስታዝ ረዳ የሚባል ጠበቃ አለ፤ ያለ ክፍያ ይጽፍልኛል። አቤቱታችን አልሰረቅሁም የሚል አይደለም። እሱን ለፍርድ ቤቱ ከነገርሁት ቆየሁ። አቤቱታችን፣ ሰውን ከስሶ ሳይፈርዱበት ዓመት በዓመት ላይ እየደራረቡ ማስቀመጥ ራሱ በደል ነው የሚል ነው። ፍረዱብኝ ወይም ፍረዱልኝ፤ ግን ፍረዱ።

ይህን ለጋረደው ያንብቡለት። ዘር ሲያጣራ የራሱንም አብሮ ያጣራ።

መነጽሩን እየፈለግሁ ነው።

ያለምወርቅ


ጭልጋ፣ ሰኔ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ።

ዳንኤልን ከአንበሶች አፍ ያወጣ አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ሳነብ ወህኒ የሚለው ላይ ስደርስ ደብሪቱ አስቆመችኝ። ጋቢዋን ተከናንባ፣ «ቀጥል» አለች።

አልሰረቅሁም ካልሽ አልሰረቅሽም። ያን ጨርሰነዋል። ግን መንግሥትን መክሰስ ምን የሚሉት ነው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት አባቶችሽ ፈሪ ሆነው አይደለም። ሽማግሌ ፈልጊና ታረቂ።

ለጋረደው አነበብሁለት። «ነፃ ናት የሚል ወረቀት ታምጣ» አለ። ገና አልፈረዱም ስለው፣ «አራት ዓመት ሙሉ ያልፈረዱት ጥፋቷ ቢበዛባቸው ነው» አለኝ። ማሬ ከጓዳ ትሰማ ኖሮ ብቅ አለችና፣ «የርስዎስ ልጅ ጢም ለማብቀል ስንት ዓመት ፈጀ? ጥፋቱ ቢበዛበት ነው?» አለችው። በሽማግሌዎች ፊት አሳፈረችኝ። ደብሪቱ ግን ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ዝናቡ ደጅ ደጁን እያለ ነው። በሬዎቹን አሳርፈናቸዋል። መነጽሩ ይቆይ፤ ዳዊቱንም ቢሆን በቃሌ አውቀዋለሁ። ይልቅ ለዘር የምትሆን ጥቂት ማሽላ ብትገኝ መልካም ነበር። ደብሪቱ፣ «ወፍሬአለሁ ያልሽውን አላመንሁሽም» ብላ እጅ ትነሻለች።

ገብረ ሥላሴ


ገዳሪፍ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ ሥላሴ።

እግዚአብሔር ክረምቱን ያግባልን። በሰኔ በሬ የሚያሳርፍ ገበሬ አላውቅም። ዘር የሚለምንም ዘሩን የበላ ሰው ነው። ያልጻፉልኝን አንብቤዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ግን በግልጽ ይጻፉልኝ። እዚህም ዱራ ተወዷል። ያገኘሁትን በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ።

ከእኔ በኩል ነገር አለ። የጉባኤው መልእክተኛ ከካርቱም መጣና ጠራን፤ እኔን፣ ኡስታዝ ረዳንና ዳሚኔ ስለሆነች ራዲያን። አነጋገሩ ለስላሳ ነው። «እንስማማ» አለ። ክሱ ይዘጋል፣ መታወቂያዬ ይመለሳል፣ ከመንግሥት መጋዘንም አሥር ጆንያ ዱራ ይሰጠኛል። ለምን በገንዘብ አይሆንም ቢባል፣ ገንዘብ በጀት ይጠብቃል፣ ዱራው ግን እጃችን ላይ አለ አለ። እኔ በበኩሌ አቤቱታዬን አንስቼ ዳግመኛ ላልናገር እፈርማለሁ። ወረቀቱን ሰጠኝ፤ አነበብሁት። «መንግሥት ጥፋት ሳያምን በበጎ ፈቃዱ የሚሰጠው ዕርዳታ» ይላል።

«ዕርዳታ?» አልሁት።

«ቃል ነው እኮ» አለኝ። «ዱራው ያው ዱራ ነው።»

«ቃል ብቻ ከሆነ ለውጡት። ካሳ በሉት።»

«ካሳ የሚከፍለው ያጠፋ ሰው ነው።»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

ራዲያ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። «ፈርሚ፤ ፉሌ እያረረ ነው» አለችኝ በአማርኛ።

አልፈረምሁም። እርስዎም ያስቡት። እህል ሰረቀች ተብዬ የተከሰስሁ ሴት ነኝ፤ አልተፈረደልኝም። ከመንግሥት መጋዘን የወጣ ዱራ ብልክላችሁ ጋረደው ምን ይላል? «ይኸው የሰረቀችው ደረሰ» ነው የሚለው። ካሳ ከተባለ ግን አፉን ይይዛል። ለሌባ ካሳ የሚከፍል አገር እንደሌለ እሱም ያውቃል።

ስለ ሰማዩ ያሉት እውነት ነው፤ አይታረስም። ንጉሡ ግን ተከሷል፤ እንስማማ ብሎም መጥቷል።

ያለምወርቅ


ጭልጋ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ።

በግልጽ ይጻፉልኝ ስላልሽ በግልጽ እጽፋለሁ። በሬዎቹ ሞተዋል። የላክሽውን ዘር አልዘራነውም፤ በልተነዋል። ከአንዱ ፍትሐት ስመለስ ለሌላው እጠራለሁ፤ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው እየጠፋ ነው። የማሬን ቀሚስና የደብሪቱን ጋቢ ሸጠናል። አየነው ልጆቹን ይዞ ወደ እናንተ ወርዷል፤ መድረሱን አላወቅንም።

ልጄ፣ ዕርዳታ ይበሉት፣ ምጽዋት ይበሉት፣ የፈለጉትን ይበሉት። ሆድ ማንበብ አያውቅም። ጋረደው እንደሆነ የሚያማው በደረቀ አፉ ነው፤ ቢያማ ያማ። ፈርመሽ ላኪልን።

ማሬን አላማከርኋትም። ደብሪቱ ትንሽ አመም አድርጓታል፤ እጅ ትነሻለች።

ገብረ ሥላሴ


ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ ሥላሴ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ወደ ኡስታዝ ረዳ ሄጄ እፈርማለሁ አልሁት። ወረቀቱን አወጣልኝ። እስክሪብቶውን ያዝሁ። ከዚያ አስቀምጬው ወጣሁ።

ራዲያ ተቆጣችኝ። «ስም አይበላም» አለችኝ። «አይበላም ካልሽ ለምን በስምሽ ዋስ ሆንሽልኝ?» አልኋት። ሳህን አቀረበችልኝ። በላሁ። እዚህ ላይ ነው ያፈርሁት። እኔ በልቼ አድራለሁ፤ ስለዚህ ልፈርም አልፈርም ብዬ የምመርጥ ሰው መሆን የለብኝም።

እንዲህ አድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው አባይ የሚባል ነጋዴ ነው፤ በገላባትና በመተማ በኩል በአህያና በበቅሎ ይመላለሳል። መልስ ይዞልኝ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ። ፈርሚ የሚል አንድ ቃል ይጻፉልኝ። በደረሰኝ ሰዓት እፈርማለሁ፤ ነገሩንም ዕድሜ ልኬን አላነሳውም። ከመጻፍዎ በፊት ግን ማሬን ይጠይቋት። የጎደፈው ስም የሷም ነው።

የእትዬ ደብሪቱን ሕመም ምንነት ይንገሩኝ። ጥቂት ክኒን ከአባይ ጋር ልኬአለሁ።

ያለምወርቅ


ጭልጋ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ያለምወርቅ፣

አትፈርሚ። ካሳ ተብሎ ካልተጻፈ አትፈርሚ። ማሬም የምትለው ይህንኑ ነው። ስለ እኛ አታስቢ። አባይ ስለቸኮለ ይህን ብቻ ጻፍሁ።

ገብረ ሥላሴ


ገዳሪፍ፣ መስከረም 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመምሬ ገብረ ሥላሴ።

አዲሱን ዘመን ከነቤተሰብዎ የጥጋብ ያድርግልዎ። ቃሉ ተገኝቷል።

መልእክተኛው ከዘመን መለወጫ በኋላ እንደገና መጣ። አሁን የመንግሥት መጋዘኑን ኃላፊም አስከትሏል። ያንኑ ወረቀት አቀረበልኝ። እኔም አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ «ዕርዳታ ከሆነ ሰጪው ማን ነው?»

«መንግሥት ነዋ።»

«መንግሥት እጅ የለውም፤ የሚፈርም ሰው አለ። ለእህል ስርቆት ተከሳሽ ከመጋዘን አሥር ጆንያ በበጎ ፈቃዴ ሰጠሁ ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? ስሙ ይጻፍልኝ።»

መልእክተኛው የመጋዘኑን ኃላፊ አየው። ኃላፊው መልእክተኛውን አየው። «እኔ የታዘዝሁትን አስጭናለሁ እንጂ ስጦታ አልሰጥም» አለ ኃላፊው። «ነገ ሌላ መንግሥት መጥቶ ይህን ምን ነክቶህ ሰጠህ ቢለኝስ?»

«ይከሱሃል» አልሁት። «አራት ዓመት።»

ኡስታዝ ረዳ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው በሥርዓት አስረዳቸው። ስጦታ ከተባለ ሰጪ ያስፈልገዋል፤ ካሳ ከተባለ ግን ጉባኤው ወሰነ ተብሎ ይወጣል፤ ማንም በግሉ አይጠየቅበትም። ሁለቱ ወደ ውጭ ወጥተው ተነጋገሩ። ሲመለሱ ዕርዳታ የሚለው ተሰርዞ ተዕዊድ ተባለ። በአረብኛ ካሳ ማለት ነው።

እንዳልዋሽዎ፤ ወረቀቱ አልሰረቀችም አይልም። መንግሥት ጥፋት አላመነም የሚለውም እንዳለ ቀርቷል። ያን ማስነሳት አልቻልሁም። ግን ካሳ ይላል፤ ፈረምሁ። ክሱ ተዘጋ፤ መታወቂያዬ ተመለሰ። ራዲያ የዳሚንነቷን ወረቀት ተቀብላ ያንኑ ቀን ጣዕሚያ ጠቀለለችበት።

ገላባት ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ምልክት የሌለውን ጆንያ ከተረጂ የተዘረፈ ነው ብለው ይወርሱታል። ስለዚህ እዚህ ገበያ ላይ እያንዳንዱ ጆንያ በቀለም ይጻፍበታል። ጻፊው አረብኛውን ሲጨርስ ብሩሹን ለመንሁትና ከሥሩ እኔ በአማርኛ ጻፍሁ፤ «ካሳ፤ ለያለምወርቅ»። ፊደሉን ትልልቅ አደረግሁት፤ መሠረተ ትምህርት የገባ ሁሉ ከሩቅ እንዲያነበው። አባይንም በጋረደው ደጅ በኩል እንዲያልፍ አዝዤዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በመጨረሻው ደብዳቤዎ የእትዬ ደብሪቱ ሰላምታ የለበትም። አባይን ብጠይቀው፣ «እኔ ደጅ ነው የቆምሁት» አለኝ። መነጽርዎ ተገኝቷል፤ ከዱራው ጋር ይመጣል ብዬ ነበር፣ ግን እንዳይሰበር ለሌላ መንገደኛ አቆየሁት።

ያለምወርቅ


ጭልጋ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለያለምወርቅ።

የድሆች አባት እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ። ዱራው ደርሷል። የዚያኑ ቀን ቀቅለን በላን፤ ለጎረቤትም አዳረስን። አሁን የእኛም ማሳ ትንሽ ትንሽ ይዟል።

ስለ ጆንያዎቹ ልንገርሽ። አባይ የዳገት ነጋዴ ነው። ጆንያ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ላይ አይረጋም፤ እሾህም ይቀደዋል። ስለዚህ እንደ ልማዱ መተማ ላይ ዱራውን ሁሉ ወደ ስልቻ ገልብጦ ጆንያዎቹን እዚያው ሸጣቸው። በጋረደው ደጅ እንዳዘዝሽው አልፏል፤ ሲያልፍ የታየው ግን ስልቻ ነው። ጋረደው ከአጥሩ ሥር ቆሞ፣ «ደረሰላችሁ?» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ያልተናገረውን ግን ሁላችንም ሰማነው። ለእሱም ቤት አንድ ስልቻ ላክሁለት። አልመለሰውም።

ደብሪቱ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ አርፋለች። የሐምሌውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ከአጠገቤ ተኝታ ነበር። ያንቺ ጥያቄ ሲመጣ አነበብሁላት። «ፈርሚ ልበላት?» አልኋት። «ጋረደው ልጅቱ በሰረቀችው እህል ዳነች እያለ በሰው ፊት ሊያኖረኝ ነው?» አለች። «ተወኝ። ልጅቱን አታስጎንብሳት።» ማሬም ተመሳሳይ አለች፤ ግን የማሬ ቃል ረዘም ያለ ነው፤ ቄስ አይጽፈውም። ክኒኑን ዋጠች፤ አልያዘላትም። አባይ መልስ ሊቀበል ሲመጣ ከቀብሯ መመለሴ ነበር። ለማንም እንዳትነግር አልሁት። ሞቷን ብጽፍልሽ ያንኑ ቀን እንደምትፈርሚ ስለማውቅ አልጻፍሁም። ቀደም ብዬ ብፈርም ትድን ነበር ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ አስቤዋለሁ፤ ለሁለታችንም ይበቃል።

አባይ ጆንያዎቹን ሸጠ አልሁ እንጂ አንዷን አስቀርቶ ለአህያው ጀርባ ምንጣፍ አድርጓት ነበር። ጭነቱ ሲወርድ ማሬ አየቻት። «ይህ የእህቴ እጅ ነው» አለችና ከአህያው ላይ ገፈፈቻት። ቀሚሷን በክረምት እንደሸጥነው ጽፌልሻለሁ። ቆርጣ ቀሚስ አድርጋ ሰፋቻት። ላጥባት ብትል ቀለሙ ይለቃል ብላ ፈራች፤ እንዲሁ አራገፈቻት።

ከትናንት በስቲያ ለገብርኤል ያንን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጽሑፉን ጀርባዋ ላይ አድርጋዋለች። መንገዱ በጋረደው ደጅ አያልፍም፤ እሷ ግን በዚያ ሄደች፤ ቀስ ብላ። እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ልጆቹ ፊደል እየቆጠሩ «ካ፣ ሳ» ይላሉ። የጋረደው ልጅ ከደጃፉ ቆሞ ነበር፤ ጮክ ብሎ አነበበው። አባቱ ዝም በል አለው። ልጁ ደግሞ አነበበው። ማሬ ዞር ብላ አላየችውም፤ ብትዞር ጽሑፉ አይታይም ነበርና።

መነጽሩን አሁን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። በፍትሐት ብዛት ዳዊቱን ራሱን እየረሳሁት ነው።

ትናንት ማታ ጋረደው ሽማግሌ ልኳል፤ ሠርጉ በጥር ይሁን ይላል። ማሬን ጠየቅኋት። «ይቆዩ ይበሏቸው» አለችኝ፤ «ዘር እያጣራሁ ነው።»

ያባትሽ ያጎት ልጅ፣
ገብረ ሥላሴ